ግድብ ከመሥራት አስቀድሞ ተራራውን ስለ መመርመር

ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ተብሎ በአባቶች የተነገረው ምሳሌ ለዕለት ኑሮ ብቻ ሳይሆን ለታላላቅ የመንግሥት ሥራዎችም የሚስማማ ነው። በተለይም በተራራ መካከል ያለውን ሸለቆ በግንብ ዘግቶ ሐይቅ ለማድረግ ለሚያስብ ሰው ከዚህ የተሻለ ምክር አይገኝም። የእንዲህ ያለው ሥራ ጥቅም የታወቀ ነው፤ በክረምት በከንቱ የሚፈሰው ወንዝ ለበጋ ይቈያል፤ እርሻ ይጠጣል፤ ከተማ ይበራል፤ ፋብሪካ ይንቀሳቀሳል። ነገር ግን ጥቅሙ ታላቅ በሆነ መጠን ጥፋቱም ታላቅ ሊሆን ስለሚችል፣ የሥራው መጀመሪያ ሲሚንቶ የሚፈስበት ቀን ሳይሆን አስቀድሞ የሚደረገው ምርመራ ነው።

አንዲት የቤት እመቤት ጋን ስትገዛ አንዱን ጎን ብቻ አይታ ገንዘቧን አትከፍልም። በጣቷ መታ መታ አድርጋ ድምፁን ትሰማለች፤ ዙሪያውን አዙራ ስንጥቅ እንዳለበትና እንደሌለበት ትመለከታለች። በሸለቆ ውስጥ የሚበጀውም ሐይቅ እንደ ጋን ነው፤ በሰው እጅ የሚሠራው ግንብ ከጋኑ ጎኖች አንዱ ብቻ ነው። የቀሩት ጎኖች በግራና በቀኝ የቆሙት ተራሮች ናቸው፤ እነርሱንም መሐንዲስ አልሠራቸውም፤ ውስጣቸው ምን እንደ ሆነ ካልመረመረ በቀር ሊያውቅ አይችልም። ስለዚህ ግንቡ ምንም ያህል ቢጠነክር፣ ተራራው ካልጸና ጋኑ ጋን አይባልም። ይህም ነገር በቃል ብቻ የሚነገር ሳይሆን በኢጣልያ አገር ቫዮንት በሚባለው ሸለቆ በብዙ ነፍስ ዋጋ የተረጋገጠ ነው። ከዚህ በታች የሚነገረው ዘመን በኤውሮጳ አቈጣጠር ነው።

ቫዮንት ከቬኔስያ ከተማ በስተሰሜን በተራሮች መካከል የሚገኝ ጠባብና እጅግ ጥልቅ ሸለቆ ነው። በውስጡ የሚወርደው ትንሽ ወንዝ ከሎንጋሮኔ ከተማ ፊት ለፊት ፒያቬ ከሚባለው ትልቅ ወንዝ ጋራ ይገናኛል። ከሸለቆው በስተሰሜን ኤርቶና ካሶ የሚባሉ የገበሬ መንደሮች አሉ፤ በስተደቡብ ደግሞ ቶክ የሚባለው ተራራ ቆሟል። የኤርቶ ሰዎች በዚህ ተራራ ተዳፋት ላይ ሣር ያጭዱና ከብታቸውን ያሰማሩ ነበር።

በዚያ አውራጃ የኤሌክትሪክ ኃይል ለማውጣት ፈቃድ የነበረው ሳዴ የተባለው ኩባንያ፣ ሸለቆውን ስለ መገደብ ማሰብ የጀመረው ከ1930 ዓመት አስቀድሞ ነው። የሐሳቡ መሪ ካርሎ ሴሜንዛ የተባሉ ዕውቀታቸው የተመሰከረላቸው መሐንዲስ ነበሩ፤ የመሬቱን ጠባይ እንዲመረምሩ የተጠሩት ደግሞ የፓዶቫ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበሩት ጆርጆ ዳል ፒያዝ ናቸው። የሐሳቡም መሠረት ይህ ነበር፤ የፒያቬ ወንዝና የገባሮቹ ውኃ በአንዳንድ ወራት ይሞላል፣ በአንዳንድ ወራት ይጐድላል፤ ስለዚህ በሌሎች ትንንሽ ግድቦች የሚጠራቀመውን ትርፍ ውኃ በቧንቧና በዋሻ ወደ ቫዮንት ወስዶ፣ እህል ለክፉ ቀን በጎተራ እንደሚቀመጥ በአንድ ትልቅ ሐይቅ ማስቀመጥ ነው። ሐሳቡ በራሱ ብልህ ሐሳብ እንደ ነበረ ማንም አይክድም።

የመንግሥት የሥራ ምክር ቤት ይህን ሐሳብ የተቀበለው በጥቅምት 1943፣ ኢጣልያ በጦርነት መካከል ተከፍላ በነበረችበት ጊዜ፣ ምልአተ ጉባኤው ሳይሞላ ነው። በመጀመሪያ የታሰበው ግድብ ከፍታው 200 ሜትር ያህል ሆኖ 58 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ የሚይዝ ነበር። ሥራው በ1957 ሲጀመር ግን ኩባንያው ከፍታው ወደ 261.6 ሜትር ከፍ እንዲል አሰበ፤ በዚህም የሐይቁ መጠን ወደ ሦስት እጥፍ ሊደርስ ሆነ። የግንቡ ቁመት በጨመረ ቍጥር ውኃው የሚነካው የተራራ ተዳፋትም ይጨምራል፤ ሆኖም ለትንሹ ሐይቅ የተደረገው ምርመራ ለትልቁም ይበቃል ተብሎ ታለፈ። ከጥፋቱ ሥሮች አንዱ ይህ ነው፤ ሐሳቡ ሲያድግ ምርመራው አብሮ አላደገም።

ስለ ግንቡ የሆነ እንደ ሆነ ነቀፋ የሚገኝበት አይደለም። እንደ ዕንቍላል ቅርፊት በሁለት ወገን የጐበጠ፣ በእግሩ 22 ሜትር በራሱ ደግሞ ከ4 ሜትር የማይበልጥ ውፍረት ያለው፣ ሸክሙን በግራና በቀኝ ወዳለው ዐለት የሚያስተላልፍ ቀስት ነበር። በዚያን ጊዜ በዓለም ላይ እንደ እርሱ ካሉት ቀስት ግድቦች ሁሉ ከፍተኛው እርሱ ነው። ግንቡ የሚደገፍበትም ዐለት በጥንቃቄ ተመርምሮ፣ የላላውም በሲሚንቶና በብረት ተጠናክሮ ነበር። ያልተመረመረው ከግንቡ በስተኋላ ውኃው የሚተኛበት ስፍራ፣ ይልቁንም የቶክ ተራራ ተዳፋት ነው።

ማስጠንቀቂያ ግን አልጠፋም። መጋቢት 1959 በዚያው ኩባንያ በሌላ ሐይቅ፣ ፖንቴዜይ በሚባለው ስፍራ፣ ወደ 3 ሚሊዮን ሜትር ኩብ የሚሆን መሬት ከተራራ ተንሸራቶ ውኃው ውስጥ ገባ፤ የተነሣውም ማዕበል አንድ ሠራተኛ ገደለ። ከዚህ በኋላ የቫዮንት ዳርቻ እንዲመረመር ታዘዘ። ምርመራውን ካደረጉት አንዱ የመሐንዲሱ የካርሎ ሴሜንዛ ልጅ፣ የጂኦሎጂ ሊቅ የነበሩት ኤዶዋርዶ ሴሜንዛ ናቸው። እርሳቸውም ተዳፋቱን በእግራቸው ዞረው ከተመለከቱ በኋላ፣ የቶክ ጎን ወጥ ዐለት ሳይሆን በጥንት ዘመን ከላይ ተንሸራቶ የተቀመጠ ታላቅ ናዳ መሆኑን፣ መጠኑም ወደ 200 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ሊደርስ እንደሚችል፣ ሐይቁም እንደገና ሊያንቀሳቅሰው እንደሚችል በ1960 በጽሑፍ አስታወቁ።

ይህን ሐሳብ ሌሎች ሊቃውንት አልተቀበሉትም። ከእነርሱ አንዱ በመሬት ውስጥ በሚተላለፍ ንዝረት መርምረው፣ ከጥቂት ሜትር ዐፈርና ፍርስራሽ በታች ያለው ጽኑ ዐለት ነው ብለው ነበር። ሦስት ጕድጓዶችም ተቈፍረው የመንሸራተቻው ንጣፍ ስላልተገኘባቸው፣ ያልተገኘው ነገር እንደሌለ ተቈጠረ። ይሁን እንጂ ጕድጓዱ በጥልቀት ካልደረሰበት፣ አለመገኘቱ የአለመኖሩ ማስረጃ ሊሆን አይችልም። በዚያው ዓመት መጨረሻ ያው የንዝረት ምርመራ ሲደገም፣ ቀድሞ ጽኑ የተባለው ዐለት እጅግ ወደ ጥልቅ ድረስ የተሰባበረ ሆኖ ተገኘ።

ለዚህ ሁለተኛ ምርመራ ምክንያት የሆነው ተራራው ራሱ ነው። ሐይቁ መሞላት በጀመረበት ዓመት፣ ኖቬምበር 4 ቀን 1960፣ ወደ 700,000 ሜትር ኩብ የሚሆን መሬት ከቶክ ተንዶ ውኃው ውስጥ ወደቀ። ከዚያም በላይ በተዳፋቱ ላይ ርዝመቱ 2 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ ስንጥቅ ታየ። ስንጥቁ የሚንቀሳቀሰውን ክፍል ዳር እስከ ዳር ለይቶ ስላሳየ፣ ከእንግዲህ ወዲያ ክርክሩ ናዳ አለ ወይስ የለም በሚለው ላይ መሆኑ ቀረ። ከኦስትሪያ የመጡት የዐለት ሊቅ ሌዎፖልድ ሙለርም የሚንቀሳቀሰው መጠን ወደ 200 ሚሊዮን ሜትር ኩብ እንደሚደርስ በ1961 አረጋገጡ።

ሥራውን ለሚመሩት ሰዎች በዚህ ጊዜ ሁለት መንገድ ቀርቦላቸው ነበር። አንደኛው ኪሳራውን ተቀብሎ ሐይቁን ባዶ መተው ነው፤ ሁለተኛው ተራራውን በውኃው ከፍታ እየለኩ በዝግታ ማስተዳደር ነው። የመረጡት ሁለተኛውን ነው። ውኃው ከፍ ሲል ተራራው ይንቀሳቀሳል፣ ዝቅ ሲል ይቆማል፤ ስለዚህ በጥቂት በጥቂቱ ከፍና ዝቅ በማድረግ ናዳው ቀስ ብሎ እንዲወርድ ማድረግ ይቻላል ተባለ። ናዳው ሐይቁን ለሁለት ቢከፍለው ውኃው እንዲተላለፍም በተቃራኒው ዳርቻ ዋሻ ተቈፈረ። ናዳው ቢወርድ የሚነሣውን ማዕበል ለማወቅ ደግሞ የሸለቆው አምሳያ ከ200 አንድ እጅ ሆኖ ተሠርቶ፣ በናዳው ፈንታ ጠጠር እየተለቀቀ ተሞከረ። ከዚህም ሙከራ የተገኘው መደምደሚያ፣ የሐይቁ ፊት ከባሕር ወለል በላይ 700 ሜትር ላይ ቢሆን ምንም አደጋ አይደርስም የሚል ነበር። ጠጠር ግን ተበታትኖ የሚወርድ ነገር ነው፤ ተራራው በአንድነት ይወርዳል ብሎ የሞከረ አልነበረም።

በዚህ ሁሉ ጊዜ የኤርቶ ገበሬዎች ዝም አላሉም። የሣር መሬታቸው ሲሰነጠቅ፣ ዛፎቻቸው ሲያዘነብሉ፣ ተራራው ሲያጕረመርም በዐይናቸው አይተዋል፣ በጆሯቸው ሰምተዋል፤ ማኅበርም አቋቁመው አቤት ብለዋል። ጭንቀታቸውን ሉኒታ በተባለው ጋዜጣ የጻፉት ወይዘሮ ቲና ሜርሊን፣ ሕዝብን የሚያውክ የሐሰት ወሬ አውርተዋል ተብለው ተከሰሱ፤ በ1960 መጨረሻም የሚላኖ ፍርድ ቤት ነፃ አወጣቸው። ከዚያ በኋላ እንኳ ጽሑፋቸውን እንደ ምስክር ቃል ቈጥሮ የመረመረ አልተገኘም። ገበሬው የጂኦሎጂን ትምህርት አልተማረም፤ ነገር ግን አባቱና አያቱ በአንድ ተዳፋት ላይ የኖሩ ሰው ስለዚያ ተዳፋት የሚያውቀውን ከሩቅ የመጣ ሊቅ በአንድ ወር ሊያውቀው አይችልም።

መሐንዲስ ካርሎ ሴሜንዛ በ1961 ሞቱ። የኢጣልያም መንግሥት የኤሌክትሪክ ሥራን ሁሉ ለአንድ የመንግሥት ድርጅት ስላስተላለፈ፣ በ1963 ቫዮንት ከነችግሩ ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈ። በዚያው ዓመት ሐይቁ ለሦስተኛ ጊዜ ሲሞላ እስከ 710 ሜትር ደረሰ። ተራራው እንደ ገና መንቀሳቀስ ስለ ጀመረ በመስከረም መጨረሻ ውኃውን ዝቅ ማድረግ ተጀመረ፤ ዳሩ ግን እንቅስቃሴው እንደ ቀድሞው አልቆመም፤ በቀን 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ደረሰ። ኦክቶበር 8 ቀን በተዳፋቱ ላይ ያሉ ሰዎች እንዲለቁ ታዘዘ። ከግድቡ በታች ላሉት ለሎንጋሮኔ ሰዎች ግን የተነገራቸው ነገር አልነበረም።

ኦክቶበር 9 ቀን 1963፣ በኢትዮጵያ አቈጣጠር መስከረም 28 ቀን 1956 ዓ.ም.፣ ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው፣ ወደ 270 ሚሊዮን ሜትር ኩብ የሚሆን ተራራ በአንድነት ተንሸራቶ፣ አንድ ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ሐይቁን ሞላው። የወደቀው መሬት በሐይቁ ውስጥ ከነበረው ውኃ ሁለት እጥፍ ይበልጥ ነበር። ውኃው በተቃራኒው ዳርቻ ከ200 ሜትር በላይ ወጥቶ የካሶን ቤቶች መታ፤ ከዚያም ከ25 ሚሊዮን ሜትር ኩብ የማያንሰው በግድቡ ላይ ዘሎ በጠባቡ ገደል ወደ ፒያቬ ወረደ። በዚያች ሌሊት በሎንጋሮኔ ብዙ ሰው በየመጠጥ ቤቱ ተሰብስቦ በቴሌቪዥን የኳስ ጨዋታ ይመለከት ነበር። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ከተማውና በአጠገቡ ያሉ መንደሮች ጠፉ፤ የሞቱትም ሰዎች ቍጥር ወደ 2,000 የሚጠጋ ሆነ። የሐይቁ ከፍታ በዚያች ሰዓት ምንም አደጋ አይደርስም በተባለው በ700 ሜትር ላይ ነበር።

ሲነጋ የታየው ነገር ለሚያስተውል ሁሉ ታላቅ ትምህርት ነው፤ ከላይኛው ጫፉ ጥቂት ከመሸረፉ በቀር ግንቡ እንደ ቆመ ነበር፤ እስከ ዛሬም ቆሟል። በዐለት ላይና በአሸዋ ላይ ስለ ተሠሩት ሁለት ቤቶች በወንጌል የተነገረው ምሳሌ በካህናት ዘንድ የታወቀ ነው። የቫዮንት ግንብ በእውነት በዐለት ላይ የተሠራ ነበር፤ አልወደቀምም። የወደቀው ጎረቤቱ ነው። እንግዲህ የራስን መሠረት ብቻ መርምሮ ጸና ማለት ለግድብ ሥራ አይበቃም ማለት ነው።

ምክንያቱም ኋላ በሚገባ ተመርምሯል። የቶክ ተዳፋት ድርብርብ የኖራ ድንጋይ ሆኖ፣ በድርቦቹ መካከል ቀጫጭን የሸክላ ጭቃ ንጣፎች አሉበት፤ ድርቦቹም ወደ ሸለቆው ያዘነበሉ ናቸው። የሐይቁ ውኃ ከፍ ሲል በድንጋዩ ስንጥቅ እየገባ ከታች ወደ ላይ ይገፋል፤ ድንጋዩም በመኝታው ላይ የሚጫነው ክብደት ስለሚቀንስ መያዣው ይላላል። በተራራው ላይ የዘነበው ዝናብም በውስጡ ተጨምሮ ግፊቱን ያበረታዋል። ሐይቁ በፍጥነት ዝቅ ቢል እንኳ በተራራው ውስጥ የቀረው ውኃ ቶሎ አይወጣም። ስለዚህ በሐይቁ ከፍታ ተራራውን እንደ ፈረስ በልጓም እናስተዳድራለን የሚለው አሳብ መሠረት አልነበረውም። የኢጣልያ የመጨረሻው ፍርድ ቤትም በ1971 ናዳው አስቀድሞ ሊታወቅ ይችል እንደ ነበረ ፈርዶ፣ በሁለት ኃላፊዎች ላይ ቅጣት አጸና።

እነዚህ ሰዎች አላዋቂዎች ነበሩ ማለት ግን እውነት አይሆንም። ከዘመናቸው የተመረጡ መሐንዲሶችና ሊቃውንት ነበሩ፤ ተራራውን በየቀኑ ይለኩት ነበር። የጐደላቸው ዕውቀት ሳይሆን ነፃነት ነው። ዋናው ምርመራ የተደረገው ግንቡ ካለቀ በኋላ ስለ ሆነ፣ ገንዘቡ ወጥቷል፤ ክብርም ተጨምሮበታል፤ የኤሌክትሪኩ ቀጠሮ ደርሷል። በእንዲህ ያለ ጊዜ የሚጠየቀው ጥያቄ ሥራው ይሁን ወይስ ይቅር የሚል መሆኑ ይቀርና፣ እንዴት አድርገን እንቀጥል የሚል ብቻ ይሆናል። ሊቁም ሳያውቀው ለተቈረጠ ነገር ምክንያት ፈላጊ ይሆናል። የቸኰለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ በቫዮንት የፈሰሰው ግን የሚለቀም አልነበረም።

አደጋን ሁሉ የሚፈራ ሰው ግድብ አይሠራም፤ አገሩም በጨለማና በድርቅ ይኖራል የሚል ይኖር ይሆናል። እውነት ነው፤ ውኃውን ያለ ሥራ የሚለቅ አገርም በሌላ መንገድ ነፍስ ያጠፋል። ነገር ግን ምርመራ የግድብ ጠላት አይደለም። ከአልፕ ተራሮች ጀምሮ በብዙ አገር ዐለታቸው ተመርምሮ የተሠሩ ግድቦች ሕዝብን እያገለገሉ ይኖራሉ። የሚያስፈልገው ምርመራው በጊዜውና በስፍራው መሆኑ ነው።

ይህ ጕዳይ ለኢትዮጵያም ሩቅ አይደለም። በጠባብ ገደል መካከል በተከዜ ወንዝ ላይ የተሠራውና በ2009 የተፈጸመው ግድብ፣ እንደ ቫዮንት ሁሉ ቀስት ሆኖ ከፍታው 188 ሜትር ነው። ሥራው ሳያልቅ በ2008 በስፍራው ትልቅ ናዳ ወርዶ፣ ተዳፋቱን የሚደግፍ ግንብ ለመሥራት ብዙ ተጨማሪ ገንዘብ ወጥቷል። በዚያ የተራራው ጠባይ የታወቀው ሐይቁ ከመሙላቱ በፊት መሆኑ መልካም ነው። የኢትዮጵያ ወንዞች አብዛኞቹ ከደጋ በጥልቅ ገደል የሚወርዱ ስለ ሆኑ፣ ወደ ፊትም የሚታሰበው ግድብ ሁሉ ከተራራ ጋራ የሚደረግ ውል ነው።

እንግዲህ በሸለቆ ላይ ግድብ የሚያስብ መሥሪያ ቤት አራት ነገሮችን በሐሳቡ መጀመሪያ ሊጽፍ ይገባዋል። አንደኛ፣ የግንቡ ስፍራ ብቻ ሳይሆን ውኃው የሚነካው ዳርቻ ሁሉ እስከ ጥልቁ ድረስ ይመርመር፤ ግንቡ ከፍ እንዲል ከተፈለገም ምርመራው ከሥሩ ይደገም። ሁለተኛ፣ መርማሪው ከሚሠራው ኩባንያ ደመወዝና ትእዛዝ የተለየ ይሁን። ሦስተኛ፣ በስፍራው የሚኖሩ ባላገሮች ቃል በመዝገብ ይጻፍ፤ ከግድቡ በታች ለሚኖሩትም አደጋው ሳይደበቅ ይነገር። አራተኛ፣ ምን ምልክት ሲታይ ሥራው እንደሚቆምና ለማቆም ሥልጣን ያለው ማን እንደ ሆነ ሲሚንቶ ሳይፈስ ይወሰን።

ከእነዚህ ሁሉ የሚከብደው አራተኛው ነው። የግድብ ምረቃ ሕዝብ በእልልታ ይሰበሰብበታል፤ የመሪውም ስም በድንጋይ ይቀረጻል። ሥራውን ያቆመ ሹም ግን ወጪ አባከነ ተብሎ ይነቀፋል፤ ያዳናቸውም ሰዎች ከምን እንደ ዳኑ ስለማያውቁ አያመሰግኑትም። ስለዚህ መንግሥት እንዲህ ያለውን ሹም አስቀድሞ በደንብ ሊጠብቀው፣ ባቆመም ጊዜ እንደ ሠሪ ሊያከብረው ይገባል። የቫዮንት የክስ መዝገብ በ2023 በዩኔስኮ የዓለም የመታሰቢያ መዝገብ ውስጥ ገብቷል። የተቀመጠውም ለሐዘን ብቻ አይደለም፤ ሌላ ሸለቆ ለመዝጋት የሚነሣ ባለሥልጣን ሁሉ፣ ተራራው ገና በስፍራው ሳለ እንዲያነበው ነው።